የጎን ጭስ ምንድን ነው? ፊልተሩ የማይደርስበት የሲጋራ ጭስ

በቅርቡ እዚህ ጅማ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ባለቤቶች በተዘጋጀ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ ማይክሮፎኑን ይዘው «አሁን ገበያ ላይ ያለው ሲጋራ ፊልተር ያለው ነው፤ የጎን ጭሱም ተጣርቶ ስለሚወጣ እንደ ድሮው አያሰጋም» አሉ። ከአዳራሹ ብዙ ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሥራዬ የቤት ውስጥ አየር መለካት ነው፤ ይህንኑ አባባል ከተለያየ ሰው ስሰማው ዓመታት ሆነውኛል። ያን ቀን ግን የሚያዳምጡት አስተናጋጆችን ቀኑን ሙሉ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሚያሠሩ፣ ልጅ ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦች ምሳ የሚያቀርቡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

የጎን ጭስ ማለት ሲጋራው ሳይሳብ በሚቆይበት ጊዜ ከሚነደው ጫፍ በቀጥታ ወደ ክፍሉ የሚወጣው ጭስ ነው። በፊልተሩ በኩል ወደ አጫሹ አፍ የሚገባው ዋናው ጭስ ይባላል። የማያጨስ ሰው አጫሽ አጠገብ ሲቀመጥ የሚተነፍሰው የጎን ጭሱንና አጫሹ ከሳንባው መልሶ የሚያወጣውን ጭስ ተቀላቅለው ነው፤ ከዚህ ቅልቅል 85 በመቶ ያህሉ የጎን ጭስ ነው። እንግዲህ «የጎን ጭስ ተጣርቶ ይወጣል» የሚለው አነጋገር ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ጭሱ የጎን ጭስ የተባለው በፊልተሩ ስለማያልፍ ነውና።

ጀበና ምድጃ ላይ ተጥዳ አስቡ። ቡናው ሲቀዳ አተላው ወደ ስኒ እንዳይወርድ አፏ ላይ ውታፍ ይደረጋል። ውታፉ ጥሩ ከሆነ ቡናው ጥርት ብሎ ይወርዳል። ከሥሯ ያለው ከሰል በደንብ ሳይያያዝ ቤቱን በጭስ ቢሞላውስ? «ውታፉን ቀይሩት» የሚል ሰው አላውቅም። ውታፉ የሚጠብቀው ስኒውን ነው፤ የምድጃው ጭስ በእሱ በኩል አያልፍም። የሲጋራ ፊልተርም እንዲሁ በአፍ በኩል ተቀምጦ የሚጠብቀው አጫሹን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በከፊል። እሳቱ ያለው በሌላው ጫፍ ላይ ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል፤ የጎደለበት ቦታም ለነገሩ ዋና ቁልፍ ነው። በቡናው ፍሬው ሌላ፣ ማገዶው ሌላ ነው። በሲጋራ ግን የሚሳበውም የሚነደውም ያው አንድ ቅጠል ነው። ስለዚህ በአንዱ በኩል ያልወጣው በሌላው በኩል መውጫ ይፈልጋል። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሲጋራን ለመለካት ለአሥርት ዓመታት ያገለገለው የማሽን ደንብ እንዲህ ነው፤ በየ60 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ፣ ለ2 ሴኮንድ፣ 35 ሚሊ ሊትር ይሳባል። የቀሩትን 58 ሴኮንዶች ሲጋራው ብቻውን ይነዳል። አሥር ጊዜ ቢሳብ በጠቅላላው 20 ሴኮንድ ነው፤ ሌላው ወደ አሥር ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ በሙሉ የክፍሉ ድርሻ ነው። በእርግጥ ሰው እንደ ማሽን አያጨስም፤ አንዱ ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ ሌላው ጨዋታ ይዞ መተርኮሻው ላይ ይረሳዋል። በመርሳትና ባለመርሳት መካከል ያለው ልዩነት ክፍሉ ውስጥ በግልጽ ይለካል።

ጭሱ በዓይነቱም ይለያል። ሲሳብ አየር በፍሙ ውስጥ ስለሚያልፍ ሙቀቱ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሳይሳብ ሲቀር ወደ 600 ይወርዳል፤ ኦክስጅንም ያጥረዋል። እርጥብ እንጨት በዝግታ ሲጤስ የሚሆነውን ማንም ያውቃል። የጎን ጭስ እንዲሁ በቅጡ ሳይቃጠል የወጣ ጭስ ነው። ከዋናው ጭስ ጋር በክብደት ሲነጻጸር ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ2.5 እስከ 4.7 እጥፍ፣ አሞኒያው ከ40 እስከ 170 እጥፍ፣ ካንሰር አምጪ ከሆኑት አንዱ የሆነው ናይትሮዞዳይሜቲላሚን ደግሞ ከ20 እስከ 100 እጥፍ ይደርሳል። እነዚህን አኃዞች የምትጠቅሱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ንጽጽሩ ጭሱ ከሲጋራው ሲወጣ ያለውን መጠን እንጂ በክፍሉ አየር ከተበረዘ በኋላ የሚተነፈሰውን አይገልጽም። በተጨማሪም ፊልተር ዋናውን ጭስ ሲቀንስ እጥፉ ይጨምራል፤ የተለወጠው ማካፈያው ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ጭስ ባለበት ይቆያል።

ከዚህም የሚከብድ ማስረጃ አለ። አንድ ትልቅ የትምባሆ ኩባንያ በጀርመን ኮሎኝ ይጠቀምበት በነበረው ቤተ ሙከራ ውስጥ በ1980ዎቹ በአይጦች ላይ ያሠራቸው ሙከራዎች ሳይታተሙ ተቀምጠው ነበር (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ነጻ ተመራማሪዎች ሰነዶቹን መርምረው በ2005 ባወጡት ጽሑፍ መሠረት፣ ትኩስ የጎን ጭስ ግራም ለግራም ሲመዘን ከዋናው ጭስ በአራት እጥፍ ያህል መርዛማ ነው። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህን ሁልጊዜ መናገር አለብን። ሆኖም ተጣርቶ ይወጣል የተባለው የጎን ጭስ ከዋናው ጭስ እጅግ የባሰ መሆኑን ካወቁት ሰዎች መካከል አምራቹ ራሱ ነበረ።

ይህን ስነግራቸው የስብሰባው ተናጋሪ ሲመልሱልኝ «ነገር ግን የጎን ጭስን እንዲቀንሱ ተደርገው የተሠሩ ሲጋራዎች አሉ» አሉ። ልክ ናቸው፣ ተሠርተዋል። ሥራው ግን የተሠራው በፊልተሩ ላይ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ነው። ትምባሆው የሚጠቀለልበት ወረቀት አየር እንደ ልብ ካሳለፈ ፍሙ በየመሃሉ ቶሎ ይነዳል። አየር እምብዛም የማያሳልፍ ወረቀት ከሆነ መንደዱ ይዘገያል፤ በሁለት ስበቶች መካከል የሚቃጠለው ትምባሆ ያንሳል። ሌላው ዘዴ ወረቀቱን እንደ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድና ካልሲየም ካርቦኔት ባሉ ማዕድናት መሙላት ነው። ሲጋራውን ቀጭን አድርጎ ትምባሆውን መቀነስም አለ፤ ሽታውን በሌላ መዓዛ መሸፈንም ተሞክሯል። ፊልተሩ በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ በተዘዋዋሪ ነው፤ ቦታ ስለሚይዝ ሲጋራው ውስጥ የሚገባውን ትምባሆ ትንሽ ይቀንሳል። በፊልተሩ ዙሪያ የሚበሱት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደግሞ፣ «ቀላል» ይባሉ የነበሩት ሲጋራዎች ላይ ያሉት ማለቴ ነው፣ የሚያቀጥኑት ወደ አፍ የሚገባውን እንጂ ወደ ክፍሉ የሚወጣውን አይደለም።

እንዲህ ያለ ሲጋራ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የቀነሰው ጭስ የት ሄደ?

መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ ጨርሶ አልነደደም፤ ትምባሆው በመጠን ስላነሰ ጭሱም አነሰ። ይህ እውነተኛ ቅነሳ ነው፣ አልክደውም። ሁለተኛው፣ ወደ አጫሹ ሄደ። በየመሃሉ ሳይነድ የቆየው ትምባሆ በሚቀጥለው ስበት ይነዳል፤ ሲጋራውም ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ የስበቱ ቁጥር ይጨምራል። በወረቀቱ በኩል ያመልጥ የነበረው ካርቦን ሞኖክሳይድም ውስጡ ይቀርና ወደ አፍ ይሄዳል። ቅድም አንዱ ቅጠል ሁለቱንም ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው፤ ጭሱ ከክፍሉ ሳይወጣ ከዓይን ብቻ ተሰወረ።

እንደገና ወደ ምድጃው እንመለስ። በክረምት ብርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ያደሩ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ያልሰማ የለም። ያን ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ጭስ አልነበረም። ከሰሉ ደጅ ላይ ተያይዞ፣ ጭሱ አልቆ፣ ፍሙ ቀልቶ፣ «አሁን ይግባ» ተብሎ ነው የገባው። የገደላቸው የማይታየው፣ የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ «ጭሱ አይታይም፣ ስለዚህ አይጎዳም» ሲባል አምኖ መቀበሉ ይገርመኛል። የምናየው ጭስ ብርሃን የሚበትኑ ጥቃቅን ብናኞች ናቸው። ቤንዚን (benzene) የተባለውን ኬሚካል፣ አሞኒያን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ዓይን አያያቸውም። ወረቀቱ የሚታየውን ብናኝ በግማሽ ቢቀንስ ጋዞቹም በግማሽ ቀንሰዋል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መለካት አለባቸው።

እዚህ ላይ የገዛ ሙያዬን ጉድለት መናገር ይኖርብኛል። በእጅ ይዘን ምግብ ቤት ውስጥ የምንገባባቸው መሣሪያዎች ብናኝን የሚለኩት በብርሃን ነው። ስለዚህ ዓይንን የሚያታልል ሲጋራ መሣሪያውንም ያታልላል። የጅማ እርጥበትም ብናኙን ስለሚያሳብጠው ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ደግሞ በጅማ አጂፕ ሰፈርም ሆነ ፈረንጅ አራዳ የትኛውም ቁርስ ቤት ብትገቡ ከሰል ተያይዟል፣ ቡና እየተቆላ ነው፣ እጣን ይጤሳል። መሣሪያው የማንን ጭስ እንደለካ አይናገርም። በዚህ ምክንያት የሲጋራውን ድርሻ ለይቶ ለማወቅ በአየሩ ውስጥ ያለውን ኒኮቲን መለካት ይሻላል፤ ከሰልም ቡናም ኒኮቲን አያጤሱም። «በመሣሪያ ተለክቶ ዝቅተኛ ሆኗል» የሚል ሲመጣባችሁ በምን መሣሪያ፣ ምኑ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁ።

አምራቾቹ ወደ ወረቀቱ የዞሩበት ምክንያትም መታወቅ አለበት። በ1978 ሮፐር የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት ለአሜሪካ የትምባሆ ኢንዱስትሪ ባቀረበው ሪፖርት፣ የማያጨሱ ሰዎች ስለ ጭሱ መስጋታቸው ለኢንዱስትሪው ህልውና እስከዚያ ከታዩት ሁሉ አደገኛው ክስተት ነው ብሎ አስጠነቀቀ። በ1981 ጃፓናዊው ተመራማሪ ታኬሺ ሂራያማ የራሳቸውን ሲጋራ ለኩሰው የማያውቁ የአጫሾች ሚስቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳተመ። ሙግቱ የመጣው ከጎረቤት ወንበር ነበርና ጎረቤት የሚያየውንና የሚያሸተውን መቀነስ ትልቅ የምርምር ሥራ ሆነ። በ1988 ለገበያ ሙከራ የቀረበው ፕሪሚየር የተባለ ሲጋራ ትምባሆውን ከማንደድ ይልቅ በከሰል ጫፍ የሚያሞቅ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ተነሣ። በ1996 ኢክሊፕስ የተባለው ሲጋራ በተመሳሳይ መንገድ መጣ። በእነዚህ የሚታየው የጎን ጭስ በእርግጥ በጣም ያነሰ ነው። ጫፋቸው ላይ የሚነደው ግን ያው ከሰል ነው፤ ከሰል ባለበት ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ።

«ትንሽም ቢቀንስ ካለመቀነስ አይሻልም?» የሚለው የተናጋሪው የመጨረሻ ጥያቄ ቅን ጥያቄ ነው። አንድ ሲጋራ ከአንድ ሲጋራ ጋር ብቻ ቢወዳደር መልሱ አዎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እኛ የምንተነፍሰው ክፍሉን ነው። መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ ከቀትር እስከ ምሽት ስምንትና አሥር ሰው በርጫ ላይ የሚቀመጥበትን ክፍል አስቡ። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይለኩሳል። የሚጨሰው እንዲህ ያለው ሲጋራ ከሆነ ጭሱ ዓይን ስለማያቃጥል ማንም መስኮት ልክፈት አይልም፤ የማያጨሰው ሰው ዓይኑ ስላላለቀሰ ተነሥቶ አይወጣም፤ ልጅ ሻይ ይዛ ስትገባ «ውጪ ቆይ» የሚላት የለም። ጭስ ማስለቀሱና መሽተቱ ሰው እንዲሸሽ ያደርገዋል። ያንን ምልክት አጥፍቶ መርዙን የሚተው ሲጋራ ሰውን ክፍሉ ውስጥ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ለእኔ ከተሠሩት ሲጋራዎች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው።

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ላይ ወረቀትና ፊልተር አይለይም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን የከለከለው ያለ ልዩነት ነው። አንድ ባለ ምግብ ቤት «ጥግ ላይ ለብቻ ባስቀምጣቸውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥግም ቢሆን አየሩ አንድ ነው አልኳቸው፤ ከቡና ማፍያው እስከ ሂሳብ መቀበያው የቡናው ሽታ ካልቀረ የሲጋራውም ጭስ አይቀርም።

ከስብሰባው ስንወጣ በረንዳው ላይ መተርኮሻ ነበር። አንድ ሰው ለኩሶ፣ ስልክ መጥቶበት ረስቶት የሄደ ሲጋራ እስከ ሥሩ ነድዶ አመዱ ሳይሰበር ተጋድሟል። አጠገቡ እስከ መጨረሻው የተጨሰ ሌላ ቁራጭ ነበረ፤ ፊልተሩ ቡናማ ሆኗል። የተረሳውን አንሥቼ ለተናጋሪው አሳየኋቸው። ትምባሆው በሙሉ ነድዶ አልቋል፤ ፊልተሩ ነጭ ነው።