«ሁለት ሆኑ እኮ!»፦ ስለ ቴሌኮም ውድድር መስማት የሰለቸኝ ነገር

የምተዳደረው ለሱቆች፣ ለካፌዎችና ለፋርማሲዎች ኔትወርክ እየዘረጋሁ፣ የክፍያ ሲስተም እያስገባሁ ነው። መሰላል ላይ የወጣ ሰው መሸሻ የለውም። ባለሱቁ ከታች መሰላሉን ይዞ ስለ ቴሌ፣ ስለ ሳፋሪኮም፣ ስለ መንግሥት ፖሊሲ ያብራራልኛል፤ እኔም ሽቦ በጥርሴ ነክሼ «እም» እላለሁ። ስንት ዓመት «እም» አልኩ! ዛሬ ሽቦውን ከአፌ አውጥቼ ልናገር።

ከሚነግሩኝ ነገር ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላሳልፋቸው።

«ኔትወርኩ ሙሉ ያሳያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፤ ሆን ብለው ነው።» ስልክህ ጥግ ላይ የተደረደሩት መስመሮች የሚነግሩህ ከታወሩ የሚደርስህ ሲግናል ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ብቻ ነው። በዚያው ታወር ስንት ሰው ቪዲዮ እያየ እንደሆነ አይነግሩህም። ሆን ተብሎ የተዘጋበት ጊዜ አልነበረም አላልኩም፤ ያኔ ግን አገር ሁሉ ስለሚያወራው መስመር መቁጠር አያስፈልግህም።

«ስልኬ ፋይቭ ጂ ነው፤ ለምን ይንቀራፈፋል?» ስልክህ ፋይቭ ጂ ነው፤ ሰፈርህ አይደለም።

«የመንግሥት ድርጅት ስለሆነ ይከስራል።» ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር፣ በ2017 ደግሞ 162 ቢሊዮን ብር ገቢ ማግኘቱን አሳውቋል፤ የሚሠራውም በትርፍ ነው። በሌላ ነገር ውቀሰው፣ በኪሳራ ግን አታገኘውም።

«ቴሌ እኮ ተሸጧል።» ይህችን የሚላት የእህቴ ባል ነው። በጥቅምት 2017 ለሽያጭ የቀረበው ከድርጅቱ 10 በመቶው ነበር፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር። ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። አስልተህ ስታየው ከጠቅላላው ድርጅት አንድ በመቶ ያህል መሆኑ ነው። የእህቴ ባል ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን በ9,900 ብር ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ሁላችንም ወደ እሱ ነው የምንዞረው።

«ሁለቱም የየራሳቸውን ታወር ቢተክሉ ነበር እውነተኛ ውድድር።» ታወር ማለት ብረት ነው። አንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ታወር ጎን ለጎን መትከል ብረቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ባትሪውንና ዘበኛውን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ያንን ወጪ የምትከፍለው ደግሞ አንተ ነህ፣ በጥቅልህ ዋጋ። በብዙ አገር ኩባንያዎች በአንድ ታወር ላይ የየራሳቸውን አንቴና ይሰቅላሉ፤ እኛም ጋ ሳፋሪኮም የራሱን እየተከለ የቴሌንም ይከራያል። ጭቅጭቅ መነሳት ያለበት በኪራዩ ዋጋ ላይ ነው፤ ብረቱ ላይ አይደለም።

አሁን ትንሽ እንቀመጥ። «ዋጋው የወረደው ሳፋሪኮም ስለገባ ነው» የምትለዋ ደጋግማ ትመጣለች። ቀኖቹን ደርድሬ ላሳይህ። እነ ሳፋሪኮም ፈቃዱን ያገኙት በግንቦት 2013 ነው። ድሬዳዋ ላይ በነሐሴ 2014 ጀመሩ፤ አዲስ አበባ በመስከረም 2015 ገቡ። ያ ትልቁ ቅናሽ የመጣው ግን በነሐሴ 2010 ነው፦ የሞባይል ኢንተርኔት 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ 40፣ አጭር መልእክት 43፣ ብሮድባንድ 54 በመቶ። ያኔ በአገሩ ላይ ከቴሌ ሌላ ቴሌ አልነበረም። የነበረው ወሬ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ቴሌን ጨምሮ ትልልቆቹን የመንግሥት ድርጅቶች በከፊል ለግል ባለሀብት እንደሚከፍት አስታውቆ ነበር። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቤት ይጠረጋል።

እንግዳው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላስ? በመስከረም 2017 ቴሌ ዋጋ ጨመረ። ሁለቱም ኩባንያ ሥራ ላይ እያሉ። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ «ውድድር ካለ እንዴት ዋጋ ይጨምራል?» ብሎ ሊመታኝ ደረሰ፤ እኔ የጨመርኩት ይመስል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ አለፈ። አንቴናው፣ ሬዲዮው፣ ሰርቨሩ የሚገዛው በዶላር ነው። እሱ ራሱ የሚሸጠውን ቴሌቪዥን ዋጋ በዚያው ሰሞን ሁለት ጊዜ ቀይሮ ነበር፤ ይህን ስነግረው መሰላሉን ለቀቀው።

አሁን ወደ ዋናዋ። «ሁለት ሆኑ እኮ! ውድድር መጣ!»

ሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ደንበኛ አሉኝ፤ እትዬ ነው የምላቸው። የሱቃቸው ቆርቆሮ በር ላይ ስልክ ቁጥራቸው በቀይ ቀለም ተጽፏል። በ0911 ነው የሚጀምረው፤ ሲም ካርድ እንደ መሬት ካርታ ይታይ በነበረ ጊዜ የወጣ ቁጥር ነው። የማረቆ በርበሬ አምጪው ያውቀዋል፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ በቃሉ ይወጣዋል፤ ቨርጂኒያ ያሉት የድሮ ጎረቤቶቻቸው «እትዬ፣ ሽሮዬ አለቀ» ለማለት የሚደውሉት በዚያው ነው።

አምና የልጅ ልጃቸው የሳፋሪኮም፣ የ07 ሲም አወጣላቸው። እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ደኅና ነው፤ ኢንተርኔቱ ይሮጣል።»

«ታዲያ የቴሌውን ለምን አይተዉትም?»

ምንም አልመለሱልኝም። በበርበሬ የቀላ ጣታቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ።

በሩ ነው ነገሩ። ደንበኛው ሲከፋው መሄድ ካልቻለ፣ ባለድርጅቱም «ይሄድብኛል» ብሎ ካልፈራ፣ ሻጩ ሁለት ቢሆን አሥር ለውጥ የለውም። ስለዚህ ስንት ኩባንያ አለ ብለህ አትጠይቀኝ። መውጣት ምን ያስከፍላል ብለህ ጠይቀኝ። እትዬን የሚያስከፍላቸው በስንት ዓመት ያፈሩት ደንበኛ ነው። ቁጥርን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ መዛወር ሕንድና ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይቻላል። እትዬ እስካሁን 0911ዳቸውን ይዘው የትም መሄድ አይችሉም።

እዚህ ላይ አንድ የማልክደው ነገር አለ። እስከ ዛሬ ያየናትን ያህል ውድድር ያመጣልን፣ ከየትኛውም አዋጅ በላይ፣ ሁለት ሲም የሚይዘው ርካሹ የቻይና ስልክ ነው። ሰው ጠዋት የአንዱን ጥቅል፣ ማታ የሌላውን ይገዛል። ግን ግማሽ መንገድ ነው። የምትደውልበትንና ዳታ የምትገዛበትን ሲም በፈለግክ ሰዓት ትቀይራለህ፤ የሚደወልልህ ቁጥር ካለበት አይነቃነቅም። ሳፋሪኮም እስካሁን የተፎካከረው ለሁለተኛው የሲም ቀዳዳ ነው፤ የመጀመሪያው በቀይ ቀለም ተጽፎበታል።

ሌላው ማሰሪያ ገንዘብ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። በዚያው ወር ለእነ ሳፋሪኮም በ850 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ፈቃድ ግን የሞባይል ገንዘብን አይጨምርም ነበር። የሳፋሪኮሙ የሞባይል ገንዘብ፣ ኤም-ፔሳ፣ ፈቃዱን ያገኘው በግንቦት 2015፣ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2015 ነው። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር። በዚያ መሃል የነዳጅ ድጎማው በቴሌብር በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀረ። ያን ሰሞን ማደያ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ ያለው የሚኒባስ ሹፌር ስልኩን በመስኮት ለረዳቱ ሲወረውር አይቻለሁ፦ «አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር አውርድልኝ፤ ተራችን ደርሷል!»

ያ ሹፌር መርጦ አይደለም የገባው። ቴሌብር መጥፎ ነው እያልኩ እንዳይመስልህ፤ በየቀኑ የማስገባው እሱን ነው፣ ይሠራል። ነገር ግን ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ሲባል «ሕዝቡ መረጠው» ብለህ ስታወራልኝ ያንን ማደያ አስታውሼ እስቃለሁ። አንዱ ሯጭ ሁለት ዙር ከሮጠ በኋላ ነው ሌላው «በቦታህ» የተባለው። ሕጉን የሚያወጣው መንግሥት፣ የአንደኛው ሯጭ ባለቤት መንግሥት፣ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው ዳኛ፣ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማለቴ ነው፣ እሱም የመንግሥት። ዳኛው ሰነፍ ነው አላልኩም። ወንበሩ የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ እዩልኝ።

ይህን ስናገር ደግሞ ከወዲያ በኩል ሌላ ተሳሳች ይነሳል፦ «አየህ! ሳፋሪኮም የተገፋ ምስኪን ነው።» ኧረ ተው! ናይሮቢ ሂድና ጠይቅ። እዚያ ኤም-ፔሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ለዓመታት የሳፋሪኮም ወኪል የሌላ ኩባንያ ወኪል እንዳይሆን በውል ታስሮ ኖሯል። ያ ውል የላላው የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2014 ጣልቃ ከገባ በኋላ ነው። ተፎካካሪው ኤርቴል እዚያ «ገበያውን ጠቅልሎ ያዘው፣ ፍረዱን» እያለ ስንት ዓመት ጮኸ። እዚያ ጠቅላዩ የነበረው፣ እዚህ ሲመጣ የኤርቴልን አቤቱታ ይዞ መጣ። ኩባንያ እንዲህ ነው፤ መርሕ የለውም፣ ቦታ ነው ያለው።

የኬንያው ነገር የ«ሁለት ሆኑ» ባዮችንም ይመልሳል። ኬንያ በአንድ ወቅት አራት የሞባይል ኩባንያ ነበራት፤ ቁጥር ይዞ መዛወርም ተፈቅዶ ነበር። ሳፋሪኮም ግን ከግማሽ በላይ ደንበኛ እንደያዘ ቀረ፤ ከአራቱ አንዱ፣ ዩ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ንብረቱን ለሌሎቹ ሸጦ ወጣ። ቁጥሩን ይዞ መሄድ የሚችል ሰው ለምን አልሄደም? ገንዘቡ፣ ወኪሉ፣ የሚልክለት ዘመዱ ሁሉ ኤም-ፔሳ ላይ ስለነበር ነዋ! ስለዚህ እኛ ጋ ነገ ቁጥር ይዞ መዛወር ቢጀመር የእትዬ በር ብቻ ነው የሚከፈተው። ካዝናቸው ገና ነው።

ነገሩ በቴሌ አያበቃም። አንድ የካፌ ደንበኛዬ የሽያጭ ሲስተም ከአንድ ድርጅት ገዝቶ ነበር። ዋጋው ሲጨምርበት ሊቀይር ፈለገ። የሦስት ዓመት ሽያጩን፣ የዱቤ ደብተሩን፣ የእቃ ዝርዝሩን «ስጡኝ» ሲል «ዳታው በእኛ ሰርቨር ላይ ነው፤ ማውጫ ክፍያ አለው» አሉት። የጠየቁት ገንዘብ ከአዲሱ ሲስተም ዋጋ ይበልጣል። ያን ሲስተም መርጬ ያስገባሁለት እኔ ነኝ፤ ውሉን ያላነበብኩትም እኔ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ደረሰኝ በደረሰኝ በእጄ ገለበጥኩለት፤ ሳንቲም አልተቀበልኩም። ከተማው ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሲስተም የሚሸጥ ስንት ድርጅት አለ፤ ለሱ ግን አንድ ነበር።

ስለዚህ ባለሱቅ ከሆንክ፣ ስለ ፖሊሲ ከማስተማርህ በፊት እነዚህን አድርግልኝ። ውል ስትፈርም ገና በመጀመሪያው ቀን «ስወጣ ምን ይዤ እወጣለሁ?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። የሽያጭ ዳታህን በየወሩ ወደ ኤክሴል አውርድ፤ ፍላሽ ላይ አድርገህ ቤትህ አስቀምጥ፣ ሱቅ ውስጥ አይደለም። የክፍያ ቁጥር ከሁለቱም አውጣ፤ የባንክም ጨምር። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ አትለጥፍ፤ ደንበኛ የቱን ስካን እንዳደረገ አያውቅም፣ ከዚያ ገንዘቡ የት እንደገባ ለመፈለግ እኔን ትጠራለህ። በአንዱ «ሲስተም የለም» ሲባል ወደ ሌላው ለማለፍ ሠራተኛህ መለማመድ አለበት፤ ሰልፉ በር ላይ ከደረሰ በኋላ አይማርም። የሱቁ ቁጥር በሱቁ ስም ይሁን፤ በቀድሞ ገንዘብ ያዥህ ስም የወጣ ሲም ይዘህ «ቴሌ በደለኝ» አትበለኝ። ደግሞ በየመንገዱ ከሚቀርብልህ ሁሉ ቦነስ አይተህ አትመዝገብ፤ ቦነሱ መግቢያ ላይ ነው የሚሰጥህ፣ መውጫው ላይ ማንም አይቆምም።

ባለፈው ሳምንት ሾላ ሄጄ ነበር። እትዬ በሩን አዲስ ቀለም አስቀብተዋል። 0911ዱ እንደነበረ በቀይ ተደግሟል። ከሥሩ ባነሱ ፊደሎች የ07 ቁጥራቸውን አስጽፈዋል። ቀቢው ቦታ አልበቃው ብሎ የመጨረሻዋን አኃዝ ማጠፊያው ላይ ጥሏታል፤ በሩ ሲከፈት አትታይም።