ዲሬቲንግ ምንድን ነው? ደሴ ላይ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ግፊት የማይጨመርለት ለምንድን ነው?

“ማሽኑ ዲሬት ሆኗል። ፕሬዠሩን ከፍ አድርግለት፣ ይስተካከላል።”

ይህን የጋዙን ግፊት ጨምር የሚል ምክር ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ የሙያ ሰው ማሞቂያው በደንብ አላሞቅ ላለው የሆቴል ባለቤት በሙሉ ልብ ሲሰጠው ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ሰውየው ክፉ አላሰበም። ሊረዳ ነው የፈለገው። ነገር ግን በዚህች አጭር ምክር ውስጥ ሁለት ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስወጣል። ሁለተኛው ሰው ይገድላል።

ዲሬቲንግ ብልሽት አይደለም። አረጀ፣ ደከመ፣ ተቃጠለ ማለትም አይደለም። ማሞቂያው የሚያቃጥለውን ጋዝ በቦታው ካለው አየር ጋር እንዲመጣጠን ሆን ብሎ መቀነስ ነው። ቴክኒሽያኑ ኖዝል፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበትን ጠባብ ቀዳዳ፣ ቀይሮ ይሠራዋል፤ አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ደግሞ ራሳቸው ይሠሩታል። ስለዚህ “ዲሬት ሆኗልና ጋዝ ጨምርለት” ማለት አንዱ በጥንቃቄ የቀነሰውን ሌላው መልሶ ይጨምር ማለት ነው።

ለምን ይቀነሳል? አየሩ ስለሚሳሳ ነው። እዚህ ላይም አንድ የተለመደ ስህተት አለ። “ደጋ ላይ የኦክስጅን ፐርሰንቱ ዝቅተኛ ነው” ይባላል። ፐርሰንቱ ጅቡቲ ወደብም፣ ደሴም፣ ላሊበላም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ብዛት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ወደ 81 ይወርዳል። ደሴና ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋሉ፤ እዚያ 75 ገደማ ነው። እንግዲህ ደሴ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሲገባ፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ወደብ ላይ ከሚገባው በሩብ ያህል ያንሳል። በርነሩ፣ ማለትም ጋዙ የሚነድበት ክፍል፣ የሚስበው የአየር መጠን በዓይን ሲታይ ያው ነው። የሚቃጠልበት ኦክስጅን ግን ጎድሏል።

ጋዙስ? ጋዙም በራሱ ይቀንሳል፣ ግን እንደ አየሩ አይደለም። የጋዙን ግፊት የሚወስነው ሬጉሌተር በሚሊባር ያው ግፊት ቢሰጥም፣ ደሴ ላይ በኖዝሉ የሚያልፈው ጋዝ በክብደት 14 በመቶ ያህል ነው የሚቀንሰው። አየሩ ግን 26 በመቶ ቀንሷል። ማንም ምንም ሳይነካው ድብልቁ ጋዝ ይበዛበታል። ማሽኑ ከካርቶን ወጥቶ ደሴ ላይ ሲተከል ገና ከመጀመሪያው ቀን ለአየሩ ከታሰበው በላይ ጋዝ እየበላ ነው ማለት ነው። ግፊት ጨምሩ የሚለው ምክር የሚመጣው በዚህ ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ተርቦ የሌለው አሮጌ የጭነት መኪና ዳገቱን ሲይዝ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ጭነቱና ዳገቱ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ግን የናፍጣ ፖምፓው ቆላ ላይ የሚረጨውን ያህል ናፍጣ ደጋም ላይ ይረጫል፤ አየሩ ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ያልተቃጠለው ናፍጣ በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ምን ይሆናል? ጭሱ ይብሳል፣ ጉልበቱ ግን አይጨምርም። ጎበዝ መካኒክ ሁልጊዜ ደጋ ለሚሠራ መኪና ፖምፓውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዲሬቲንግ ማለት ይኸው ነው። ተርቦ ያለው መኪና ይሻላል፣ ምክንያቱም አየሩን አምቆ ያስገባል። እዚህ ላይ “የእኔ ማሞቂያ ፋን አለው፣ ስለዚህ እንደ ተርቦ ነው” የሚል አይጠፋም። አይደለም። ፋኑ ያንኑ የሳሳ አየር ነው የሚገፋው። በያው ፍጥነት ከዞረ የሚያስገባው ኦክስጅን ያው በሩብ ያነሰ ነው። ፍጥነቱን ለከፍታው እንዲያስተካክል ሆኖ የተሠራ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ደግሞ የአምራቹ መጽሐፍ ይነግርሃል።

መኪናውና ማሞቂያው የሚለያዩበት ነጥብ አለ፤ ዋናውም እሱ ነው። የመኪናው ጭስ ሐረጎ ላይ ለንፋስ ይሄዳል። የማሞቂያው ጭስ ሰዎች ከተኙበት ሕንፃ ሥር ነው የሚወጣው። ጥቁርም ላይሆን ይችላል።

ጋዝ በቂ አየር ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በከሰል ጭስ ቤት ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው እሱ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። “ጋዝ ከሸተተኝ አውቃለሁ” የሚል ሰው የሚሸተው ያልተቃጠለ ጋዝ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚጨመረውን መዓዛ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ጋዙ ከተቃጠለ በኋላ የሚወለድ ነው፤ ያ መዓዛ የለውም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ደጋ ላይ ደግሞ ሰውነት ቀድሞውኑ የሚያገኘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ስለዚህ ያው የጭስ መጠን ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ላይ ይበልጥ ይጎዳል።

“እኔ ግን ጨምሬው ሠርቷል” ይለኛል ባለሙያው ወንድሜ። አምናለሁ፤ ለጊዜው ይሠራል። ብዙ በርነሮች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ጥቂት ትርፍ አየር ይዘው ነው የሚሠሩት። ያ ትርፍ እስኪያልቅ ድረስ የተጨመረው ጋዝ ይቃጠላል፣ ውሃውም ትንሽ ይሞቃል። ያውም ትንሽ ነው። ግፊቱን በ20 በመቶ ብትጨምር ጋዙ የሚጨምረው 10 በመቶ ገደማ ነው። እጥፍ ብታደርገው እንኳ ጭማሪው 41 በመቶ ነው። ትርፉ አየር ሲያልቅ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ጫፉ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ጥላሸት ሙቀት ማስተላለፊያው ላይ ይጋገራል። ጥላሸት ደግሞ ሙቀት ያግዳል። ውሃው መልሶ ለብ ይላል፣ የጭሱ መንገድ ይጠባል፣ የሚገባው አየርም አብሮ ይቀንሳል። ያኔ ባለቤቱ እንደገና ይደውላል፤ “ፕሬዠሩ ወርዷል” ይባልና እንደገና ይጨመራል።

ነበልባሉ ሰማያዊ ነውና ደህና ነው የሚለውም አያሳምነኝም። ቢጫ ነበልባል በእርግጥ መጥፎ ምልክት ነው። ሰማያዊ መሆኑ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። የሚያረጋግጠው ጭስ ማውጫው ውስጥ ኦክስጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚለካው መሣሪያ ብቻ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለሆቴል፣ ለሆስፒታል ወይም ለተማሪዎች ማደሪያ የጋዝ ማሞቂያ የሚተክል ሰው ግን ያለ እሱ ሥራ ባይጀምር እመርጣለሁ።

ስንት ይቀነስ? የመጀመሪያው ቃል የአምራቹ ነው፤ ከማሽን ማሽን ይለያያል። አምራቹ ካልተናገረ፣ አሜሪካኖቹ በብሔራዊ የጋዝ ኮዳቸው የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ። ቦታው ከ610 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ከባሕር ጠለል ጀምሮ በየ305 ሜትሩ 4 በመቶ ይቀነሳል። በዚህ ሂሳብ ኮምቦልቻ ላይ 24 በመቶ፣ ደሴና ላሊበላ ላይ 33 በመቶ ገደማ ይመጣል። አየሩ ከቀነሰው ትንሽ አልፎ የሚሄድ ስሌት ነው፤ ወደ ጥንቃቄ ያደላል።

ይህን በውሃ እንየው። ታርጋው፣ ማለትም ላዩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ 100 ኪሎዋት የሚል ማሞቂያ አለ እንበል። ብቃቱን 80 በመቶ እንያዝ። በ15 ዲግሪ የሚገባውን ውሃ 60 ዲግሪ እናድርስ። ወደብ ላይ በሰዓት 1,500 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ደሴ ላይ በትክክል ከተስተካከለ 1,000 ሊትር ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ነው “ማሽኑ ደካማ ነው” የሚያስብለው። ማሽኑ ደካማ አይደለም፤ ሲገዛ የደሴን ሂሳብ ያሰላ ሰው አልነበረም እንጂ። ደሴ ላይ እውነተኛ 100 ኪሎዋት የሚፈልግ ሰው ታርጋው 150 ገደማ የሚል ማሽን መግዛት አለበት። ካልሆነ ትልቅ የሙቅ ውሃ ታንከር ጨምሮ ሌሊት እየሞላ ማደር ይችላል። የጎደለውን ሙቀት ከሬጉሌተሩ ለማምጣት መሞከር ግን ከሌለ አየር ብድር እንደ መጠየቅ ነው።

አሁን ለዚያ ባለሙያ ሚዛኑን ልስጥ። ግፊት በእውነት የሚወርድበት ጊዜ አለ። እኛ ጋ ማሞቂያው የሚሠራው ከሲሊንደር በሚወጣ ጋዝ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ጋዝ ለመሆን ከአካባቢው ሙቀት ይስባል። ጋዙ የሁለት ዓይነት ድብልቅ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ጠለል ላይ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በግፊት መውጣቱን ያቆማል፤ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። የታኅሣሥና የጥር ንጋት ደሴ ላይ፣ ወይም የገና ሰሞን ላሊበላ ላይ፣ ብርዱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሆቴሉ ሞልቶ ሁሉም እንግዳ ከንጋቱ በፊት ሲታጠብ ማሞቂያው ሙሉ ኃይሉን ይስባል። ከላይ ያየነው ማሞቂያ ደሴ ላይ ተቀንሶ የሚቀርለት 67 ኪሎዋት ማለት በሰዓት ከ5 ኪሎ በላይ ጋዝ ነው። ከአንድ ሁለት ትንንሽ ሲሊንደር ይህን ያህል ለረጅም ሰዓት ማውጣት አይቻልም። ሲሊንደሩ ያልበዋል፣ ውጩ ላይ በረዶ ይይዛል፣ ግፊቱም ይወድቃል።

መፍትሔው አሁንም ሬጉሌተሩን መንካት አይደለም። ብዙ ሲሊንደሮችን ባንድ መስመር ማያያዝ፣ ከተቻለም ፕሮፔን የሚበዛበትን ጋዝ መጠቀም ነው። ሲሊንደሩ ሥር እሳት ማንደድ ወይም የፈላ ውሃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይታሰብም። ግፊቱን በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) መለካት ያለብህም ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ እየነደደ ሳለ ነው። ቆሞ ሲለካ ደህና፣ ሲነድ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ያለው አቅርቦቱ ላይ ነው። ሲነድም ካልወረደ ግፊቱን ተወው።

ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ፋን ያላቸው ብዙ ማሽኖች በቂ አየር ካልገባ ማሽኑን የሚያቆም የአየር ግፊት ስዊች አላቸው። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ የሚፈጥረው ግፊት ያንስና ስዊቹ ማሽኑን ሊያቆመው ይችላል። አንዳንዱ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ስዊቹን ዘሎት ይሄዳል። ማሽኑ ይነሳል፣ ባለቤቱም ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ግን የጭስ ማውጫው በወፍ ጎጆ ቢደፈን እንኳ የሚያቆመው ነገር የለም። ለብዙ ማሽኖች ለከፍታ የተሠራ ስዊችና ኖዝል ከአምራቹ ይገኛል። እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቅ። እንግዳው በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም ነገር በከፍታ እንዳይሳበብ ልበል። ማሞቂያው ዓመቱን በደህና ሲያሞቅ ቆይቶ ዘንድሮ ለብ ካለ፣ የደሴ ከፍታ ያው ነው። ታንከሩ ሥር የተጋገረውን የውሃ ድንጋይ፣ ቴርሞስታቱን፣ የተደፈነውን በርነር ተመልከት። ዲሬቲንግ የሚጠየቀው ከተተከለ ጀምሮ አልበቃ ያለ ማሽን ላይ ነው።

ገዢ ለሻጩ ሁለት ነገር ይጠይቅ። ታርጋው ላይ ያለው ኪሎዋት በስንት ሜትር ከፍታ ነው? በ2,500 ሜትርስ ስንት ይሆናል? ሁለተኛውን በጽሑፍ የማይሰጥ ሻጭ ጋ አትቸኩሉ። ቴክኒሽያኑ ደግሞ ኖዝሉን ሲቀይር የከተማውን ስም፣ ከፍታውን፣ የኖዝሉን ቁጥርና የለካውን ግፊት በማይለቅ ቀለም ማሽኑ ላይ ይጻፍ። ማሞቂያ ይሸጣል፣ ይጓጓዛል። ኮምቦልቻ የተስተካከለው አንድ ቀን ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሊተከል ይችላል፤ ያኔ የሚተክለው ሰው ኖዝሉን እንደገና መቀየር እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያች ጽሑፍ ነው።