ተሸካሚ ግድግዳ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። በአንድ ቀን ሦስት ሰው ነው የላከልኝ። አንድ ሰውዬ ግድግዳ በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ ያስተምራል። «ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተሸካሚ አይደለም፤ አትፍሩ፣ አፍርሱት» ይላል። ከላኩልኝ አንዷ እዚህ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ቤት ያላት የአክስቴ ልጅ ናት። ሳሎኗን ከማዕድ ቤቱ ጋር አንድ ልታደርግ መዶሻ የሚይዝ ልጅ ቀጥራ ጨርሳለች። ስደውልላት «አንኳኳሁት እኮ፤ ባዶ ነው» አለችኝ።

ብሎኬት ባዶ ነው። ሲመረትም ባዶ ተደርጎ ነው። ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩም፣ ባለ 15ቱም፣ ባለ 10ሩም ውስጡ ቀዳዳ ነው። ሶሌታ (የአርማታ ጣሪያ ወይም የፎቅ ወለል) ተሸክሞ ዓመታት የቆመ ብሎኬት ብታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣችኋል። መታጠቢያ ቤትን ከኮሪደር ለመለየት ብቻ የተደረደረውም ያንኑ ድምፅ ይሰጣል። ማንኳኳት ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይነግራችሁ ይሆናል። ምን እንደተሸከመ ግን አይነግራችሁም። ሰውዬው ያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው። ይህን መምታታት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንዱ በድምፅ ይፈርዳል፣ ሌላው በውፍረት፣ ሌላው «ጭቃ ነው» ብሎ። አሁንስ ዝም ማለት አቃተኝ።

ተሸካሚነት ሥራ ነው። ከላይ የሚመጣ ሸክም አለ፤ ጣሪያ፣ ሶሌታ፣ ሰው፣ ዕቃ፣ የውሃ ሮቶ። ግድግዳው ያንን ተቀብሎ ወደ መሠረቱ ካወረደ ተሸካሚ ነው። ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ ድንጋይም ይሁን ጭቃ። ከላይ ምንም ሳይቀበል የራሱን ክብደት ብቻ ይዞ ከቆመ ተሸካሚ አይደለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው። ከላይ ምን ይመጣበታል? እሱ ሲነሳስ ያ ሸክም በየት በኩል መሬት ይደርሳል?

ቃሬዛ አስቡ። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ አራት ሰው ከሥር ይገባል። ዙሪያውን ደግሞ ብዙ ሰው አብሮ ይሄዳል። ከሩቅ ላየው ሁሉም የተሸከመ ይመስላል። አንዱ ትከሻው ሰፊ ነው፤ እጁን እንጨቱ ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል እንጂ ክብደቱ እሱ ጋ የለም። አጠገቡ ያለው ቀጭን ልጅ ግን የአንገቱ ጅማት ተገትሯል። ማን እንደተሸከመ በሰውነቱ ውፍረት አታውቁም። ደረቱን መትታችሁም አታውቁም። የእንጨቱ ጫፍ ማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ቀረብ ብላችሁ ማየት አለባችሁ።

ከአራቱ አንዱ ድንገት ቢወጣ በሽተኛው አይቀልም። የሱ ድርሻ ያኔውኑ ወደ ሦስቱ ይሄዳል። ሦስቱ ከቻሉ መንገዱ ይቀጥላል፤ ድካማቸውን ግን ከኋላ የሚሄደው አያየውም። ቤትም እንዲሁ ነው። ግድግዳ ፈርሶ ጣሪያው ሳይወርድ ሲቀር «አየህ፣ ተሸካሚ አልነበረም» ይባላል። ይህን ስሰማ በጣም እናደዳለሁ። አለመውደቁ ሸክም እንዳልነበረ አያሳይም። ሌላው የቤቱ ክፍል ከድርሻው በላይ ይዞ እየቆየ ሊሆን ይችላል። አርማታ ሸክም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥበት ቀስ እያለ ይረግባል። ዛሬ ያልተሰነጠቀው ሶሌታ ከሁለት ክረምት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ ግድግዳው የፈረሰበትን ቀን የሚያስታውስ የለም።

ሁለተኛው አባባል «ኮለን ያለው ቤት ግድግዳው መሙያ ነው» የሚለው ነው። ኮለን የአርማታ ምሰሶ ነው። ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለው ከማንኳኳቱ ይብሳል። ለፎቅ ተብሎ በትክክል የተነደፈ ቤት ሸክሙን ከሶሌታ ወደ ቢም (አግድም ወደተኛው የአርማታ ተሸካሚ)፣ ከቢም ወደ ኮለን፣ ከኮለን ወደ ፉቲንግ (ከኮለኑ ሥር ወዳለው መሠረት) ያወርዳል። ግድግዳው በመሃል የሚሞላ ነው። ይህን አልክድም። እዚህ ባህር ዳር የማያቸው ብዙ ቪላዎች ግን እንዲህ አልተሠሩም። ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ቀጫጭን ኮለን አለ። ከግድግዳው አናት ላይ ቶፕ ታይ ቢም የሚባለው ማሰሪያ ቢም ይዞራል። የእነዚህ ዋና ሥራ ግድግዳውን አስሮ መያዝ ነው። ቢሙ በሁለት ኮለን መሃል ተንጠልጥሎ ጣሪያ ይሸከማል ተብሎ አልታሰበም። ከሥሩ ብሎኬቱ አለለት ተብሎ ውስጡ የሚገባው ብረት፣ ፌሮው፣ ተቆጥቧል። ብሎኬቱን ስታወጡ ቢሙ ያልተሠራበትን ሥራ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ርዝመት ክፉ ነገር ነው። ባለ 2 ሜትሩን ክፍት 4 ሜትር ብታደርጉት በቢሙ ላይ የሚመጣው የመጉበጥ ጫና እጥፍ አይሆንም። 4 እጥፍ ይሆናል። ቢሙ ያው ከሆነ ደግሞ የሚረግበው 16 እጥፍ ነው። «ትንሽ ብናሰፋው ምን አለበት» ለሚሉኝ ሰዎች ይህን ቁጥር እነግራቸዋለሁ።

ሌላም አለ። ሲሠራ ተሸካሚ ያልነበረ ግድግዳ በኋላ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ካሳፎርማው (አርማታው እስኪጠነክር የሚይዘው ቅርጽ) ቶሎ የተነሳበት ሶሌታ ይረግባል። ከሥሩ ያለው መለያ ግድግዳ እስከ ሶሌታው ድረስ ጥብቅ ተደርጎ ተሞልቶ ከሆነ፣ ሶሌታው እላዩ ላይ ይቀመጣል። ፕላኑ ላይ መሙያ የተባለው ግድግዳ ከዓመታት በኋላ ሸክም ይዞ ይገኛል። አብሮ ሲሄድ የነበረው ሰው ሳይታወቅ ቃሬዛው ሥር ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ፕላን ማየት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ ማየት፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማየት፣ የላዩ ፎቅ መቼ እንደተጨመረ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ጭቃ ቤት ልምጣ። «ጭቃ ምን ይሸከማል?» ይባላል። ጭቃው ብዙም አይሸከም ይሆናል፤ ውስጡ ያለው የባህር ዛፍ ቋሚ ግን ይሸከማል። ጣሪያው የተቀመጠው እሱ ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ሁለት ክፍላቸውን አንድ አስደረጉ። እኔ የተጠራሁት ከፈረሰ በኋላ ነው። ቋሚዎቹ ከጭቃው ጋር ተነቅለው ለማገዶ ተከምረዋል። ቆርቆሮው መሃል ላይ ጎድጉዷል። አባባ ያሳሰባቸው ግን ጣሪያው አልነበረም። «የጓዳው በር አልዘጋ አለኝ» ነው ያሉኝ። በሩ ነበር ነገሩን የተናገረው። ጣሪያው ሲወርድ የቀሩትን ቋሚዎች ወደ ውጭ ገፍቷቸው መቃኑን አጣሞታል። ጣሪያውን በድጋፍ መልሰን አነሳነው። አሁን ሳሎናቸው መሃል ምሰሶ ቆሟል።

የድሮ ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዘጌ ሄዳችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ስታዩ ሥዕሉ ዓይን ይይዛል። እኔ ደግሞ እንደ ሙያዬ ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ። ያን ሰፊ ክብ ጣሪያ አንድ ግድግዳ ብቻውን አልያዘውም። መሃል ያለው ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ፣ ክቡ ግድግዳ፣ ውጭ የቆሙት እንጨቶች ተካፍለውታል። እንጨትና ጭቃ ነው።

መሸከም ደግሞ ወደ ታች ብቻ አይደለም። ቃሬዛው ወንዝ ሲሻገር ከጎን ገብቶ የሚደግፍ ሰው አለ። ክብደት አልያዘም፤ እሱ ባይኖር ግን አራቱም ይንገዳገዳሉ። ረጅም ግድግዳን መሃል ላይ መጥቶ የሚነካ አጭር ግድግዳ ሥራው እንዲህ ነው። ከክረምቱ በፊት የሚነሳውን ወጀብ ታውቁታላችሁ። ነፋሱ ግድግዳውን በጎን ይገፋል፣ ቆርቆሮውን ደግሞ ወደ ላይ ይስባል። ያኔ ግድግዳ ጣሪያን ወደ ታች ይዞ ያስቀራል። መንገድ ዳር ያለ ፎቅ ቤት ምድሩን ሱቅ ለማድረግ የፊቱ ግድግዳ ሙሉ ለሙሉ ሲወጣም ይኸው ነው። ላዩ በግድግዳ የደነደነ፣ ሥሩ በቀጭን እግር የቆመ ቤት ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እኛ ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ብንልም ሥሩ የላላ ቤት አይመከርም።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ቤት። በማግስቱ ሄጄ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሳሎኑ ቆርቆሮ ነው፤ ማዕድ ቤቱ ሶሌታ ነው። ሶሌታው ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ ተቀምጧል። አርማታ በኪዩቢክ ሜትር 2.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሶሌታው 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ መሆኑ ነው። ማዕድ ቤቱ 3 በ4 ስለሆነ ሶሌታው ብቻ 4.5 ቶን ነው። ሮቶው ሲሞላ 2 ቶን ይጨምራል። ይህ 6.5 ቶን ያረፈው በሁለት ግድግዳ ላይ ነው፤ አንዱ ያ «ባዶ» የተባለው ነው። ግማሹን ብንሰጠው ከ3 ቶን ይበልጣል። ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ ያህል ማለት ነው። በሳሎኑ በኩል ደግሞ ቆርቆሮውን የሚይዘው የጣሪያ ማዋቀሪያ፣ የትራሱ፣ እግር አርፎበታል። ግድግዳው ባለ 15 ብሎኬት ነው። ቀጭኑ ልጅ እሱ ነበር።

ይህ ማለት ግን መንካት አይቻልም ማለት አይደለም። ቃሬዛ ላይ ሰው ይቀያየራል። አዲሱ መጀመሪያ ትከሻውን ያስገባል፣ ክብደቱን ይቀበላል፣ ከዚያ ነው የደከመው የሚወጣው። በግንባታም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ሮቶው ባዶ ይደረጋል። ከግድግዳው በሁለቱም በኩል ድጋፍ ይቆማል፤ አንዱ ለሶሌታው፣ ሌላው ለትራሱ። ከድጋፉ ሥር ጣውላ ይነጠፋል፣ አለበለዚያ ወለሉን ይሰረስረዋል። ከዚያ ነው ብሎኬቱ የሚወጣው። አዲስ የአርማታ ቢም ከተሞላ ድጋፉ በሳምንቱ አይነሳም። አርማታ የተነደፈለትን ጥንካሬ የምንለካው በ28 ቀን ነው። ውሃ እየጠጣ ይቆይ።

ብዙ ሰው ቢሙ ላይ ይጨነቅና መሬቱን ይረሳዋል። ግድግዳው 3 ቶኑን በ4 ሜትር ርዝመት ዘርግቶ ነበር የሚያወርደው። ቢም ስታስገቡ ያ ሁሉ በሁለት ጫፍ ይሰበሰባል። የድሮው የድንጋይ መሠረት ለዚያ አልተሠራም። ከተማችን ውስጥ ደግሞ ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ላይ የተዘጋ ስንጥቅ ጥር ላይ ይከፈታል። አጥር ሥር ያለ ባህር ዛፍ ውሃውን ሲመጠው ደግሞ በዚያ በኩል ያለው አፈር የበለጠ ይኮማተራል። በአንድ ወቅት ብቻ ስንጥቅ አይቶ «ይህ ቆሟል፣ ይህ አይሄድም» ማለት ያሳስታል። እኔ ስንጥቁ ላይ ቀን ጽፌ በሌላ ወቅት ተመልሼ ማየት እመርጣለሁ። ሰው ይቸኩላል፤ ይገባኛል፣ ቤት ፈርሶ መኖር ከባድ ነው።

ፈቃዱንም አትዝለሉት። የህንፃ ሕጉ አዲስ ግንባታን ብቻ ሳይሆን ነባር ህንፃን መለወጥንም ይመለከታል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ኮለኑ፣ ቢሙና ሶሌታው የጋራ ነው፤ የእናንተ ሳሎን ውስጥ ስላለ የእናንተ ብቻ አይሆንም። ለመብራት ቱቦ ብሎ ኮለን የሚቦረቡር፣ መንገዱን ዘጋብኝ ብሎ ፌሮ የሚቆርጥ ባለሙያ ካያችሁ እባካችሁ አስቁሙት።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ተከፋች። ሙሉውን መክፈት ነበር ሐሳቧ። ቁጭ ብለን ሣልነው። ግድግዳው ጫፍና ጫፉ ላይ ይቀራል፣ መሃሉ 1 ሜትር ከ80 ይከፈታል፣ ከላይ ቢም ይገባል፣ ከሁለቱ ጫፎች ሥር ያለው መሠረት ተቆፍሮ ይታያል። ሮቶውን ደግሞ ከሶሌታው አውርደን ግቢው ውስጥ የብረት ማማ ላይ እናስቀምጠዋለን። መዶሻ የያዘው ልጅ ሥራው የተሰረዘበት መስሎት ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። አሁን ለድጋፍ የሚሆን ባህር ዛፍ ሊያመጣ ሄዷል።