ትኩሳቱ ከጀመረ ስንት ቀኑ ነው? ስለ ቫይረስ ምርመራ ድሬ ላይ የሚወሩ ስህተቶች

ላብራቶሪ ስለምሰራ በየቀኑ የምሰማቸው ነገሮች አሉ፣ ወረፋ ላይ የሚወሩ፣ ፋርማሲ በር ላይ የሚወሩ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው የሚጎዱ። ድሬ ላይ ዴንጊ በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ (በፈረንጅ 2013) ሲነሳ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ተመዝግቧል፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ 2011 ዓ.ም ማለቂያ ላይ ጀምሮ ከ40 ሺህ በላይ (ሁለቱም ትንኝ የምታስተላልፋቸው የቫይረስ በሽታዎች ናቸው)፣ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያልገባበት ሰፈር የለም። እና ይሄን ሁሉ አይተን አሁንም ስለ ምርመራው የምናወራው የተሳሳተ ነገር ስለበዛብኝ የምሰማቸውን ልጻፋቸው።

«ትኩሳት ከሆነ ወይ ወባ ነው ወይ ታይፎይድ»

ይሄ ዋናው ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያይም፣ የሚያየው ሰውነታችን ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ከዚህ በፊት ታይፎይድ ወይም የሱ ዘመድ የሆነ ጀርም ነክቶት ስለሚያውቅ አንቲቦዲው ደሙ ውስጥ ቆይቶ ይገኛል፣ በሌላ በሽታም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ተሰርቶ ፖዘቲቭ የሆነ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድ አለብህ አያስብልም። ግን የሚሆነው ምንድነው፣ ዴንጊ የያዘው ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ሲፕሮውን (የባክቴሪያ መድኃኒት ነው) ይዞ ቤቱ ይገባል፣ በአምስተኛ በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መድኃኒቱ ሰራልኝ ብሎ ለጎረቤቱም ይመክራል። የዴንጊ ትኩሳት እኮ መድኃኒት ተወሰደ አልተወሰደ በዛው አካባቢ ነው የሚወርደው አቦ!

ወባ ተገኘ ማለትም ዴንጊ የለም ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም ድሬ ላይ ከተነሳው ወባ ጋር የተያያዘችው አዲሷ ትንኝ የምትራባው ልክ እንደ ዴንጊዋ ትንኝ ውሃ ባጠራቀምንበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ነው፣ ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም በሽታ ሊኖር ይችላል፣ አንድ ሰው ላይም።

«ደሜን ሙሉ ተመረመርኩ፣ ምንም የለም ተባልኩ»

ሙሉ የሚባል የደም ምርመራ የለም። ለወባ ስላይድ ሰርተን ማይክሮስኮፕ ላይ ስናይ ፓራሳይቱን በዓይናችን እናየዋለን፣ ቫይረስ ግን በሱ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ በጣም ትንሽ ነው። ሲቢሲ የሚባለውም የሚቆጥረው የደም ሴሎችን ነው። ሪኩዌስቱ (የምርመራ ማዘዣው) ላይ ዴንጊ ተብሎ ካልተጻፈ ማንም ዴንጊን አልፈለገም ማለት ነው፣ ያልተፈለገ ነገር ደግሞ «የለም» አይባልም። ስለዚህ «ምንም የለም» ሲሉህ ምን ምን እንደታየ ጠይቅ፣ መብትህ ነው።

«የራፒድ ካርድ ርካሽ ነው፣ አይታመንም፣ አዲስ አበባ ሄደህ ፒሲአር አሰራ»

ራፒድ ካርድ ማለት ጠብታ ደም ተደርጎበት በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱን በመስመር የሚያሳየው ነው፣ ፒሲአር ደግሞ የቫይረሱን ዘረመል በማሽን የሚፈልግ ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በዚህ የተነሳ ነው ሰው ብሩንም ጊዜውንም የሚያጠፋው። ኤችአይቪን ያህል ከባድ ነገር በአዋቂ ላይ የሚረጋገጠው እኮ በነዚሁ ካርዶች ነው፣ የተለያዩ ሶስት ዓይነት ካርዶች ተራ በተራ ተሰርተው። ርካሽነቱ አይደለም ችግሩ፣ ችግሩ ቀኑ ነው።

ዴንጊን ብንወስድ ቫይረሱና ኤን ኤስ ዋን የሚባለው ፕሮቲኑ ደም ውስጥ በደንብ የሚገኙት ትኩሳቱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስከ አምስተኛው ቀን አካባቢ ነው፣ ከዛ እየቀነሱ ይሄዳሉ። አይጂኤም የሚባለው አንቲቦዲ ደግሞ በአራተኛ በአምስተኛው ቀን ነው መታየት የሚጀምረው። አሁን አስበው፣ በሁለተኛው ቀን መጥቶ የአይጂኤም ካርድ ብቻ የተሰራለት ሰው ኔጌቲቭ ይባላል ግን ዴንጊ አለበት፣ በዘጠነኛው ቀን የመጣውም ኤን ኤስ ዋን ብቻ ከተሰራለት ኔጌቲቭ ሊባል ይችላል። ፒሲአርም ከዚህ ህግ አያመልጥም፣ በዘጠነኛው ቀን አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ ብታሰራው ቫይረሱ ከደምህ ስለወጣ ኔጌቲቭ ሊልህ ይችላል። በሁለተኛው ቀን ሰፈርህ ያለው የኤን ኤስ ዋን ካርድ ከሱ ይበልጣል። ለዚህ ነው ከምልክቱ ሁሉ በፊት «ትኩሳቱ መቼ ጀመረህ?» ብዬ የምጠይቀው፣ «ሰሞኑን» የሚል መልስ ብዙም አይጠቅመኝም፣ ማክሰኞ ማታ በለኝ።

ሌላው ደግሞ ሙቀታችን ነው። አብዛኞቹ ካርዶች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለባቸው፣ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። ድሬ ከሰዓት በኋላ 35 አልፎ ባለበት ሰዓት መስኮት ስር ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ካርድ ቀኑ ሳያልፍም ሊበላሽ ይችላል። ሲሰራልህ እይ፣ ፓኬቱ ያኔ ነው የሚቀደደው፣ ሰዓት ተይዞ በተባለው ደቂቃ ነው የሚነበበው። ሻይ ተጠጥቶ ሲመለስ የሚታይ መስመር ደሙ ሲደርቅ የመጣ ሊሆን ይችላል። በሰዓቱ የታየ መስመር ግን ደብዛዛም ቢሆን መስመር ነው፣ ሲ የሚለው ጋ መስመር ካልወጣ ደግሞ ካርዱ አልሰራም፣ እንደገና ይሰራ።

ፒሲአር ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ወረርሽኝ ሲነሳ የተወሰኑ ሰዎች ናሙና ተልኮ ቫይረሱ የትኛው እንደሆነ፣ ከአራቱ የዴንጊ ዓይነቶች የትኛው እንደገባ ይታወቃል፣ ይሄ በጣም ያስፈልጋል ምክንያቱም ድሮ በአንዱ የታመመ ሰው በሌላኛው ሲያዝ የመክበድ ዕድሉ ይጨምራል። እሱ ከታወቀ በኋላ ግን እያንዳንዱን በሽተኛ ፒሲአር ካልተሰራ ማለት አያስፈልግም።

«ለቫይረስ መድኃኒት የለውም፣ ታዲያ መመርመሩ ምን ያደርጋል»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዴንጊን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፣ እውነት ነው፣ ግን ዴንጊ መሆኑን ማወቅ ማድረግ የሌለብህን ይነግርሃል። ቁርጥማቱ ሲብስበት ቀጥታ ፋርማሲ ሄዶ «ዲክሎ ውጉኝ» የሚል ስንት ሰው አለ! ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ዴንጊ ላይ የመድማት አደጋ ያመጣሉ፣ የሚወሰደው ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው። ቺኩንጉንያ ነው የያዘኝ ብለህ ብታስብ እንኳን ዴንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ዲክሎውን ተወው።

ከዛ ክትትሉ አለ፣ እሱም ውድ አይደለም። ዴንጊ የሚከብደው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፣ ሰው ዳንኩ ብሎ በሚነሳበት ሰዓት፣ ከሶስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ። ያኔ ሲቢሲ ሲደጋገም ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) እየወረደ ሄማቶክሪቱ (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ) እየጨመረ ከሄደ ፈሳሹ ከደም ስር እየወጣ ነው ማለት ነው። ሲቢሲ ማሽን የሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ከጣት ደም በቀጭን ትዩብ ተወስዶ ሴንትሪፊውጅ ላይ አምስት ደቂቃ ቢሽከረከር ሄማቶክሪቱ ይነበባል። ሆድ በጣም ካመመ፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም ከመጣ፣ ሰውየው ከፈዘዘ ግን ምንም ውጤት አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ውሰዱት።

«የጉበት ቫይረስ ፖዘቲቭ ከተባልኩ አለቀልኝ»

ሄፓታይተስ ቢ ስትሪፕ ላይ ፖዘቲቭ መሆን ቫይረሱ አለ ማለት ነው፣ ጉበትህ አልቋል ማለት አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል፣ የጉበት ኢንዛይም ይሰራል፣ መድኃኒት የሚያስፈልገው አለ፣ በክትትል ብቻ የሚቆይም አለ። የቤት ሰው ይመርመር፣ ነጻ የሆነው ይከተብ።

«ህጻኑ በጣት ደም ኤችአይቪ ፖዘቲቭ ወጣ፣ በቃ ይዞታል»

እናትየው ቫይረሱ ካለባት አንቲቦዲዋ ወደ ልጁ ያልፋል፣ እስከ 18 ወር ድረስ ደሙ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ያ ካርድ ያየው የእናትየውን ሊሆን ይችላል። ለህጻን የሚሰራው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ነው፣ ስድስት ሳምንት አካባቢ ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ወፍራም ወረቀት ላይ ይደረግና ይደርቃል። እናቶች ወረቀቷን ሲያዩ «ይቺ ምን ትሰራለች» ይላሉ፣ ግን የደረቀው ደም ፍሪጅ አይፈልግም፣ በዚህ ሙቀት እንኳን ፖስታ ውስጥ ሆኖ ትልቁ ላብራቶሪ ድረስ ይሄዳል። ኔጌቲቭ ከሆነም ልጁ ጡት እየጠባ እስካለ ክትትሉ አይቆምም፣ 18 ወር ሞልቶት ጡትም ከተወ በኋላ ነው የመጨረሻው የጣት ደም የሚሰራው።