ስለ ወለልና ሴራሚክ ምርጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤት ስናድስ ወለል ላይ ያጠፋነው ስህተት ቶሎ አይታረምም። ለማስተካከል መልሶ ማፍረስ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዘመድም ከሱቅም የምንሰማቸውን አባባሎች ሳንገዛ በፊት እንያቸው።

«ሴራሚክ ከተነጠፈ ውሃ አይሰርግም።»

ይሄኛው እኛንም ጎድቶናል። የኮንዶሚኒየም ቤታችንን መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ አስቀይረን ሦስት ወር ሳይሞላ ከታች ያሉት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። ወርደን ስናይ ኮርኒሳቸው ላይ ቡናማ እድፍ አለ፤ መሃሉ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል። አዲሱ ሴራሚካችን ግን አንድም ስንጥቅ አልነበረውም። ውሃው የገባው በመጋጠሚያዎቹና በፍሳሽ መውረጃው ዙሪያ ነው። መጋጠሚያው የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ ባለበት ነገር ስለሆነ ቀስ እያለ ውሃ ያሳልፋል።

ውሃውን የሚያግደው ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ሊሾው ላይ የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው። ግድግዳው ላይም ከፍ ብሎ መቀባት አለበት። ሲደርቅ የፍሳሹን ቀዳዳ ድፈኑት፣ ወለሉ ላይ ውሃ አቁሩና ለ24 ሰዓት ተዉት። ከዚያ ታች ወርዳችሁ ኮርኒሱን እዩ። ባለሙያው «ይሄ አያስፈልግም፣ ወጪ ነው» ቢላችሁ እሺ አትበሉት። እኛ እሺ ብለን ሁለት ጊዜ ከፍለናል።

«ሴራሚክ ሁሉ ያው ነው።»

አይደለም። ለግድግዳ የተሠራው ውሃ ይመጥጣል፣ ጥንካሬውም ያነሰ ነው። ወለል ላይ ከተነጠፈ ከባድ ቁምሳጥን ሲጎተትበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ፖርስሊን የሚባለው የሴራሚክ ዓይነት የሚመጥጠው ውሃ ግን ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ሱቅ ውስጥ ገልብጡትና ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ወዲያው ከጠጣው፣ ሻጩ ምንም ቢል ፖርስሊን አይደለም።

«የሚያብረቀርቀው ይሻላል።»

ለሳሎን የምርጫ ጉዳይ ነው። ለመታጠቢያ ቤት፣ ለወጥ ቤትና ለደረጃ ግን ሻካራውን ውሰዱ። በተለይ ቤት ውስጥ አረጋዊ ካለ በዚህ አትደራደሩ። አንዳንድ ካርቶን ላይ ከ«R» ፊደል ጋር ቁጥር ይጻፋል፤ ከ9 እስከ 13 ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ማንሸራተቱ ይቀንሳል።

«እምነበረድ ድንጋይ ነው፣ ምን ይነካዋል?»

ሎሚ ይነካዋል። ኮምጣጤም፣ ሽንት ቤት የሚጸዳበት አሲድም። ድንጋዩን ስለሚበሉት የነኩት ቦታ ይደበዝዛል። በጨርቅ ተወልውሎ አይመለስም።

«ላሚኔት ያው ጣውላ ነው።»

የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ላዩ ላይ የእንጨት ምስል ተለጥፎበታል። ለመኝታ ቤት ደስ ይላል። ቡና የሚፈላበት ሳሎን ግን ሌላ ነው። በዓል ሲመጣ እርጥብ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፣ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው ሲገባ ጠርዙ ያብጣል። ከምድጃ ፍም ከወደቀበትም ጠባሳው አይለቅም። ላሚኔቱን በጣም ከወደዳችሁት ቡና የሚፈላበትን ጥግ ብቻ ሴራሚክ አድርጉት።

«ካሬውን ለክቶ ልክ ልኩን መግዛት ነው።»

ለቁርጥራጭና ለስብራት 10 በመቶ ያህል ጨምሩ። ካርቶኖቹ ላይ ያለው የቀለም ቁጥር አንድ መሆኑንም አረጋግጡ። ስሙ አንድ ሆኖ በሌላ ጊዜ የተመረተ ከሆነ መልኩ ሊለይ ይችላል፣ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ከተነጠፈ በኋላ ነው። የተረፈውን ለሱቁ አትመልሱ፤ አንድ ቀን ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ ሲቆፈር የሚጠገነው በእሱ ነው።