«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት»፦ አቡጀዲ ያገናኛቸው ሁለት አገሮች

ይህን አባባል የማያውቅ የለም። አንዳንዱ «ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት ይሻላል» ብሎ ያስረዝመዋል። ሐሳቡ ያው ነው። ሌሊት ምጥ ሲመጣ የሚደርሰው አጥር የሚጋራህ ሰው ነው፤ ወንድምህ ወሬውን የሚሰማው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው።

አባባሉ ከየት መጣ ቢባል የገጠሩን ኑሮ ማየት ነው። ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ስለሚከለከል ልጅ የምትዳረው ራቅ ብሎ ነው። እህት ወንዝ ማዶ፣ አክስት ተራራ ማዶ ትቀራለች። ክብሪት እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ የዳፈኑት እሳት ጠፍቶ ያደረ እንደሆነ ገል ይዞ ጎረቤት ጋ እሳት መጫር ነበር። አክስት ጋ እሳት አይጫርም፤ ፍሙ መንገድ ላይ አመድ ይሆናል። ያ ጎረቤት በማግስቱ ወንፊት ሊዋስ ይመጣል። ግድግዳ ተጋርተው ስም የማይተዋወቁ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ስንት አሉ! ሰውን የሚያቀርበው መመላለሱ ነው።

ታዲያ ውቅያኖስ የሚለያቸው አገሮችስ እንዲህ ይቀራረባሉ? ከአሜሪካ ጋር ያቀራረበን አንድ ጨርቅ ነው፦ አቡጀዲ።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ልጻፍ) በገበያችን በብዛት ይሸጥ የነበረው አቡጀዲ የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነበር። ከዚህ ደግሞ ቡናና ቆዳ በየመኑ ወደብ በኤደን በኩል ወደዚያ ይሻገራል። መሃል ላይ ሌሎች ነጋዴዎች ስላሉ ሻጭና ገዢ አይተያዩም። ሁለቱ መንግሥታትማ ጭራሽ አይተዋወቁም።

ይህን ያስተዋለው ማርሴይ የተቀመጠው የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል ሮበርት ስኪነር ነው። በ1903 መጨረሻ ጥቂት የባሕር ወታደሮች አስከትሎ ጅቡቲ ወረደ። እስከ ድሬዳዋ በባቡር መጣ፤ ሐዲዱ ገና ከዚያ አላለፈም። የቀረውን መንገድ በበቅሎ ተጓዘ። ታኅሣሥ ውስጥ ከአጤ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ውሉ የአንዱ አገር ሰው በሌላው አገር በነፃ እንዲነግድ፣ ለሌሎች ከሚደረገው ያነሰ እንዳይደረግለት ይላል። ስለ ፍቅር ብዙ አያወራም። እኔ ይህን እወድለታለሁ።

የጸደቀውን ውል ወደ አዲስ አበባ የማድረሱ ነገር ግን ራሱን የቻለ ወግ ነው። በ1904 ሰነዱን ይዞ የተነሣው ኬንት ሉሚስ የሚባል ሰው ነበር። አውሮፓ ሊደርስ ሲል ከመርከቡ ላይ ጠፋ፤ በኋላ ሬሳው ባሕር ዳር ተገኘ። ውሉን ለምኒልክ ያደረሰው አብሮት ይጓዝ የነበረው ዊልያም ኤሊስ ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ በባርነት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነጋዴ። አሜሪካ አዲስ አበባ ላይ ሌጋሲዮን (ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የዲፕሎማት ጽሕፈት ቤት) የከፈተችው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ነው። ጨርቁ ከዲፕሎማቱ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው።

ገበያ ታማኝ አይደለም። ረከስ ያለ የጃፓን ጨርቅ ሲመጣ የአሜሪካው ቦታውን ለቀቀ። ወዳጅነቱም ጨርቁን ተከተለ፦ ከጃፓን ጋር በ1930 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፣ በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ቶኪዮ ሄዱ።

አባባሉ የተፈተነው በ1935 ነው። ጣሊያን ድንበር ላይ ጦር ስታከማች አጤ ኃይለ ሥላሴ ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ለአሜሪካ ኩባንያ ሰጡ። ሒሳቡ ግልጽ ነበር፤ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ቤቱ ሲነድ ዝም ብሎ አያይም። ዋሽንግተን ግን ጦርነት ውስጥ መግባትን ፈርታ ኩባንያውን ፈቃዱን እንዲተው ወተወተች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነገሩ ፈረሰ። ጃፓንም በ1936 ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠች። ቡና ተጠራርቶ የጠጣ ሁሉ ለቅሶ አይደርስም ማለት ነው። አሜሪካ ግን ለወረራው ዕውቅና ነፍጋለች፤ ትንሽ ነገር አይደለም። ጦርነቱ ሲያልቅ የተመለሰችውም በሥራ በኩል ነው። አየር መንገዳችን በ1945 የተቋቋመው ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር፤ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ተነሣ።

አቡጀዲ ዛሬም አለ። የአሜሪካ መሆኑን የሚያስታውስ ግን የለም። ሰው ሲሞት ሬሳው የሚገነዘው በእሱ ነው። ሱቅ ሮጦ ገዝቶ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው።