አንጋልሎ ማስተኛት ምንድን ነው?

ሕፃንን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ፊቱን ወደ ጣሪያ አድርጎ ማስተኛት ነው። በቃ፤ ይህን ያህል ነው። ሰሞኑን ግን አዘዞ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ገና ገንፎው ሳይቀርብ አንድ ጠያቂ «ተንጋሎ የተኛ ሕፃን ትን ይለዋል፤ በሆዱ ድፉት» ሲሉ ሰማሁ። ይህን ስሰማ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠሩን ትቻለሁ።

እስኪ የፋሲልን ግንብ አስቡ። ሕፃኑ ሲንጋለል የአየር ቧንቧው ፎቁ ነው፤ የምግብ ቧንቧው ከሥሩ ያለው ምድር ቤት። ያቀረሸው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ወተት ደግሞ ደረጃ አይወጣም። ሕፃኑ መልሶ ይውጠዋል ወይም በአፉ ዳር ያፈስሰዋል። አሁን ግንቡን ገልብጡት። ምድር ቤቱ ከላይ ሆነ፤ ወተቱም ቁልቁል የሚወርደው ወደ አየር ቧንቧው በር ነው። በሩ ዘበኛ አለው፤ ማሳልና መዋጥ። ሕፃን በሆዱ ሲተኛ እንቅልፉ ስለሚከብድ ዘበኛውም አብሮት ያንቀላፋል። አያቶች «እንዴት ያለ እንቅልፍ!» እያሉ የሚያወድሱት ይህንኑ ነው።

«በጎኑስ?» ይሉኛል ሊያስታርቁኝ። በጎኑ የተኛ ሕፃን ተንከባልሎ በሆዱ ይደፋል።

እኚሁ ጠያቂ «እኛ በሆዳችን ተኝተን አላደግንም?» ብለው ዘጉኝ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች በሆድ ማስተኛት ይቅር ብለው መምከር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባለው አሥር ዓመት ግድም ድንገተኛ የሕፃናት ሞት፣ ማለትም ጤነኛ የሚመስል ሕፃን ምክንያቱ ሳይታወቅ በእንቅልፉ መሞቱ፣ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ገንፎው መጣና ክርክሩ ቆመ።

ከሙያዬ ሁለት ነገር ልጨምር። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ መታቀፉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እናቲቱ ነቅታ ትይዘዋለች። ራሱ ወዲያና ወዲህ መገላበጥ የቻለ ሕፃን ደግሞ ተንጋሎ ከተኛ በኋላ ቢገለበጥ እየተነሣችሁ አትመልሱት፤ መጠቅለሉን ግን አቁሙ።

የጎንደር ክረምት ይበርዳል፤ አውቃለሁ። ልብስ ደርቡለት እንጂ ጋቢ አትከምሩበት፤ ፊቱንም በነጠላ አትሸፍኑ። አልጠየቃችሁኝም፤ ግን በተዘጋው የአራስ ክፍል ጥግ ያየሁትን የከሰል ምድጃ ከማታው በፊት አውጡልኝ። የከሰል ጭስ እናትና ልጅ አይለይም።